«ይማርህ» ለማን ይባላል?

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ሲያስልም ሲያስነጥስም አፉን አይሸፍንም። ስቆጣው በመዳፉ ይከድንና በዚያው እጁ ወደ መሶቡ ይዘረጋል። ምን ላድርግ? (አንዲት እናት፣ ከእብናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጣው ይቅር፤ ልጅ የሚማረው ከሚያየው ነው። ክንድን አጥፎ አፍንም አፍንጫንም በክርን ውስጠኛ በኩል መሸፈን ይሻላል። መዳፍ እንጀራም የሰው እጅም ይነካል፤ ክርን ግን አይጎርስም፣ ሰላም አይልም።

ነገሩን ጨዋታ አድርጊው። በቤታችሁ «ይማርህ» የሚባለው ክንዱን አጥፎ ላስነጠሰ ብቻ ይሁን፤ አባወራውም ቢሆን ከሕጉ አያመልጥም። ልጁ «ያኑርሽ» ለማለት ሲል ይለምደዋል። ሲረሳ ዝም ብለሽ ክርንሽን አሳዪው።

ከማዕድ በፊት እንግዳ ማስታጠብን ለእሱ ስጪው። ሲታጠብም በሳሙና እያሸ እስከ 20 ቀስ ብሎ ይቁጠር፤ ሳሙና ከጠፋ ንጹሕ አመድ ይተካል። ደጋው ቢበርድም ጠዋት ጠዋት በርና መስኮት ክፈቺ፤ የታፈነ ቤትና ጭስ ሳልን ያብሳሉ።

ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ለነገ አትበዪ።