ለዘንባባ ገራዦች፦ ደሙ ቢቆምም ያላለቀ ጉዳት

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ፣ ከዚያም ወደ ሲኤምሲ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ዘንባባ በዝቷል። በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ግቢዎች ውስጥም ድሮ የተተከለውም አዲሱም አለ። ተክሉን የሚገርዙት፣ የደረቀ ቅጠሉን የሚጎትቱትና ጠራርገው የሚጭኑት የቀን ሠራተኞች፣ አትክልተኞችና የግቢ ጥበቃዎች ናቸው። የምጽፈው ለእነሱና ለሚያሠሯቸው ነው።

ከተምር ወገን የሆኑት ዘንባባዎች፣ የሀገራችንም ሆነ ግንደ ወፍራሙ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ፣ እሾሃቸውን የሚይዙት በቅጠሉ ዘንግ ሥር፣ ግንዱ አጠገብ ነው። ከጣት የሚረዝም አለው። በየአቅጣጫው ስለሚቆም እጅ ከየትም ወገን ቢገባ ያገኘዋል። ቀጥ ብሎ የሚረዝመው ዋሺንግቶኒያ ደግሞ በዘንጉ ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ቆልማማ እሾህ አለው፤ ቅጠሉን የሚጎትተውን ሰው ክንድ ይዘነጥላል።

መዘንጠሉ ይታያል፣ ይታጠባል፣ ይታከማል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትንሿ ውጋት ናት። የተምር ወገን እሾህ ጫፉ በቀላሉ ተሰባሪ ነው። ጣት መገጣጠሚያ ወይም ጉልበት ላይ ገብቶ ከተሰበረ፣ ስባሪው ውስጥ ይቀርና ቆዳው ይገጥማል። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ አልታጠፍም ይላል። ያኔ ውጋቱ ተረስቷል፤ ሕመሙም ሪህ ወይም ቁርጥማት ይባላል። መድኃኒት ሲወሰድ ይሻለዋል፣ ሲቆም ይመለሳል፤ ምክንያቱም ስባሪው እስኪወጣ ድረስ መገጣጠሚያው ከቁጣው አያርፍም።

ስለዚህ በተወጋችሁበት ቅጽበት አንድ ነገር አድርጉ፦ የወጣውን እሾህ ጫፍ እዩ። ሙሉ ነው ወይስ ተሰብሯል? ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡ። ስባሪው ቆዳው ላይ የሚታይ ከሆነ በውኃ በተቀቀለ ወረንጦ፣ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። በሌላ እሾህ ወይም ኪስ ውስጥ በቆየ መርፌ መቆፈር ግን ስባሪውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ቆሻሻም ይጨምርበታል። ጫፉ ከተሰበረና ቦታው መገጣጠሚያ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እሾሁንም ያዙት። «የዘንባባ እሾህ ነው የወጋኝ፣ ጫፉ ውስጥ ሳይቀር አይቀርም» በሉ። ከወራት በኋላ ስለ እብጠት ብትሄዱም ይህንኑ ተናገሩ። የእንጨት ስባሪ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በአልትራሳውንድ ግን ሊገኝ ይችላል። ዓይን ከተወጋ ምንም አታውጡ፣ አትሹት፤ ሳትጫኑ ከልላችሁ ለዓይን ሕክምና ወደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ፍጠኑ።

መንጋጋ ቆልፍም አለ። ጀርሙ የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ ውጋት ደግሞ ይመቸዋል። መደበኛ የሕፃናት ክትባት በሀገራችን የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ ሳይከተብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ጎልማሳ ወንድ ግን የሚያስታውሰው የለም። በልጅነቱ የተከተበም ቢሆን ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ስትወጉ ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

ሹራብ ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም። እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ መነጽርና ቦቲ ያስፈልጋል፤ ረጅሙ እሾህ ግን ቆዳውንም ይበሳዋል። ስለዚህ እጅን ከሥሩ ማራቅ ይበልጣል፦ ረጅም እጀታ ባለው መጋዝ ቁረጡ፣ ቅጠሉን ከጫፉ በኩል ያዙ፣ እሾሃሙን ክፍል ከመሸከማችሁ በፊት ለይታችሁ አንሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ጓንት የጠየቀ ሠራተኛ ሰነፍ አይባልም።

ለዓመታት ያልተገረዘ ዋሺንግቶኒያ የደረቁ ቅጠሎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ግንዱን ይሸፍኑታል። እዚያ ሥር ገብታችሁ ወደ ላይ እየቆረጣችሁ አትውጡ። ክምሩ አንድ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዛፍ ገራዦች በዚህ መንገድ ታፍነው ሞተዋል። በክሬን ባልዲ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ባለሙያ ካልተገኘ ሥራውን እምቢ በሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ ካለም እንዲሁ።

በየበረንዳው በማሰሮ የሚቀመጠው አጭሩ ሳይካስ ዘንባባ ቢመስልም ዘመዱ አይደለም፤ ሁለመናው መርዝ ነው፣ ከሁሉም የሚብሰው ብርቱካናማ ፍሬው። መርዙ ጉበትን ይመታል። ውሻ አንድ ሁለት ፍሬ ቢበላ ሊሞት ይችላል፦ መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ የተሻለው መስሎ በቀናት ውስጥ ይወድቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በጃፓኗ ኦኪናዋ ችግር ሲጠና ሳይካስ የበሉ ሰዎች፣ መርዙ በደንብ ስላልወጣለት ሞተዋል። ልጅ ወይም ውሻ ባለበት ግቢ ባይተከል እመርጣለሁ። ካለ ግን ፍሬው እንደታየ በጓንት ልቀሙት፣ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ልጅ ከዋጠ ምልክት ሳትጠብቁ፣ ሳታስመልሱትም፣ ፍሬውን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ድረሱ።

የሆሳዕና ዋዜማ በየቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ዘንባባ የምትሸጡም እሾሃሙን የዘንግ ሥር ለገዢ ከመስጠታችሁ በፊት ቁረጡ። የተቆረጠውን በማዳበሪያ ሰብስባችሁ አስሩት፤ ማግስቱን ጎዳናውን የሚጠርጉት እናቶች በእጃቸው እንዳያነሱት ውስጡ እሾህ እንዳለ ንገሯቸው።