ስለ ተንቀሳቃሽ የብየዳ መኪና አመራረጥ

ብረትን ከብረት ጋራ ማያያዝ የቆየ ጥበብ ነው። የባላገር ቀጥቃጭ ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ በወናፍ እያናፋ፣ ሁለቱን ብረት ነጭ እስኪመስሉ ድረስ አግሎ በመዶሻ ሲመታቸው አንድ ይሆናሉ። ማረሻውም መጥረቢያውም በዚህ ዓይነት ሲሠራ ኖሯል። ዳሩ ግን የወፍጮ ዘንግ፣ የውኃ ፓምፕ አካል ወይም የፋብሪካ ቱቦ በተሰበረ ጊዜ ወደ ምድጃ ተሸክሞ መውሰድ አይቻልም። ክብደቱ ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከቦታው አይነቀልም። እንግዲህ ብረቱ ወደ እሳቱ መሄድ ካልቻለ፣ እሳቱ ወደ ብረቱ መሄድ አለበት። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ተንቀሳቃሹ የኤሌክትሪክ ብየዳ መኪና ነው።

ይህን መኪና መርጦ መግዛት ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ አገር ያለው አንድ ወፍጮ በመኸር ወራት ቢቆም፣ ሴቶች እህሉን ተሸክመው የሩቅ መንገድ ይሄዳሉ፤ ወይም ሌሊቱን በድንጋይ ሲፈጩ ያድራሉ። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የማይሆን መኪና የገዙ እንደ ሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ገንዘቡም ይጠፋል፤ ወፍጮውም አይነሣም። ስለዚህ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ከዚህ በታች በየተራ ተጽፈዋል።

1ኛ፤ ስለ ሁለቱ የብየዳ ዓይነቶች

ኤሌክትሪክ በጥቂት ክፍተት ላይ ዘሎ ሲያልፍ እጅግ የሚያበራና የሚያቃጥል ነበልባል ይፈጥራል። ይህም አርክ ይባላል። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ የአርክ ሙቀት ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ የተሰበረውን ብረት ጫፍና ጫፉን አቅልጦ ያገናኘዋል።

የመጀመሪያው ዓይነት በኤሌክትሮድ የሚሠራው ብየዳ ነው። ኤሌክትሮድ ማለት በሌላ ነገር የተለበጠ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ እሱ ራሱ እየቀለጠ ስብራቱን ይሞላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ኒኮላይ ስላቭያኖፍ የሚባል የሩሲያ መሐንዲስ በሚቀልጥ የብረት ዘንግ መበየድን ሠርቶ አሳየ። ኋላም በ1907 ዓ.ም. ኦስካር ሼልበርግ የሚባል የስዊድን ሰው ዘንጉ በልባጭ የሚሸፈንበትን ዘዴ አወጣ። ልባጩ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከላከልለታል፤ ቀሪውም በላዩ እንደ ቅርፊት ይጋገርበታል። ቅርፊቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይነሣል።

ሁለተኛው ዓይነት ቲግ ይባላል። በዚህኛው አርኩን የሚይዘው ተንግስተን የሚባል ብረት ነው። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,400 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ በሥራው ጊዜ ሳይቀልጥ ይቆያል። በያጁ ስብራቱን የሚሞላውን ቀጭን ሽቦ በሌላ እጁ ያቀርባል። የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከላከለው አርጎን የሚባል ጋዝ ነው። ይህን ዘዴ በአሜሪካ በአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ራስል ሜሬዲት የሚባል ሰው ማግኒዚየም የተባለውን ቀላል ብረት ለመበየድ አውጥቶት፣ በ1942 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጠው። እርሱ በዚያን ጊዜ የተጠቀመው ሂሊየም በሚባለው ጋዝ ነበር።

2ኛ፤ የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚሻል

በኤሌክትሮድ መበየድ በሜዳና በነፋስ ለሚሠራ ሥራ ይሻላል። ጥቂት ዝገት ወይም ቀለም ቢኖርበትም ይታገሣል፤ ወፍራም ብረትንም በቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ለእርሻ መሣሪያ፣ ለጋሪ፣ ለወፍጮ መቀመጫና ለድልድይ ብረት የሚመረጠው እሱ ነው።

ቲግ ግን ንጹሕ ቦታና የተረጋጋ አየር ይፈልጋል። ነፋስ አርጎኑን ጠርጎ ከወሰደው፣ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ለቀጭን ላሜራ፣ ለማይዝግ ብረት፣ ለመዳብና ፈሳሽ ለሚያልፍበት ቱቦ ከሁሉ የበለጠ ነው። የወተት ማሽን ቱቦ ወይም የስኳር ፋብሪካ የማይዝግ ቱቦ ቢሰነጠቅ፣ ቲግ ቅርፊትና ፍንጣሪ ሳይተው ይጠግነዋል።

የጥገና ሠራተኛ ዛሬ የሚገጥመው ወፍራም ብረት፣ ነገ የሚገጥመው ቀጭን ቱቦ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት የሚሠራ አንድ መኪና መግዛት ይጠቅመዋል። ኢንቨርተር የሚባሉት የዛሬ መኪናዎች ብዙዎቹ ሁለቱንም ይችላሉ። ክብደታቸውም ከ5 እስከ 10 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው በትከሻው አንግቶ መሰላል ሊወጣ ይችላል።

አሉሚኒየምን ስለ መበየድ ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ግን እስከ 2,072 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። ይህን ሽፋን የሚሰብረው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቀጥተኛውን ብቻ የሚሰጥ የቲግ መኪና ለአሉሚኒየም አይሆንም። ተለዋዋጩንም የሚሰጠው መኪና ዋጋውና ክብደቱ ይበልጣል። የአሉሚኒየም ሥራ የሌለው ሰው ይህን ዋጋ በከንቱ መክፈል የለበትም።

3ኛ፤ ስለ አምፔርና ስለ ዕረፍት

የመኪናው ብርታት በአምፔር ይቈጠራል። ኤሌክትሮድ በግምት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረቱ ከ30 እስከ 40 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ 3.2 ሚሊሜትር የሆነው ከ96 እስከ 128 አምፔር ይበቃዋል። አብዛኛው ጥገና በዚህ ኤሌክትሮድ ወይም ከዚህ በሚያንሰው ስለሚሠራ፣ 160 አምፔር የሚሰጥ መኪና ለብዙው ሥራ ይበቃል።

ዳሩ ግን ብዙ ገዢ የሚታለለው በዚህ ቁጥር ነው። መኪና ሳያርፍ ቢሠራ ይቃጠላል። ስለዚህ በጀርባው ባለው ጽሕፈት ላይ ከአምፔሩ አጠገብ ከመቶ የተሰላ ሌላ ቁጥር ይጻፋል። ይህም ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሊሠራ እንደሚችል ያስረዳል። «160 አምፔር፣ 30 ከመቶ» የሚል ቢጻፍ፣ በ160 አምፔር 3 ደቂቃ ሠርቶ 7 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው።

ለምሳሌ በሱቅ ሁለት መኪናዎች ቢቀርቡ፣ በአንደኛው «160 አምፔር፣ 30 ከመቶ»፣ በሁለተኛው «200 አምፔር፣ 15 ከመቶ» ተጽፎ ቢገኝ፣ የትኛው ይበረታል? ያላወቀ ሰው 200ውን ይመርጣል። የሚያውቅ ግን ያሰላል። አምፔሩን በራሱ ያባዛል፤ የተገኘውን ከመቶ በተሰላው ያባዛል።

የአንደኛው፤ 160 ጊዜ 160 ፡ 25,600 ይሆናል። ከዚህ 30 ከመቶው 7,680 ነው።
የሁለተኛው፤ 200 ጊዜ 200 ፡ 40,000 ይሆናል። ከዚህ 15 ከመቶው 6,000 ነው።

አሁን ሁለቱም በ120 አምፔር ቢሠሩ፣ 120 ጊዜ 120 ፡ 14,400 ስለ ሆነ፣ 7,680 ለ14,400 ሲካፈል 53 ከመቶ ያህል ይሆናል፤ 6,000 ለ14,400 ሲካፈል ግን 42 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ከ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ደቂቃ በላይ ሲሠራ፣ ሁለተኛው ከ4 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት መኪና በእውነተኛው ሥራ ታናሽ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

4ኛ፤ ስለ ኤሌክትሪኩ ምንጭና ስለ አገሩ ከፍታ

መኪናው ምንም ቢበረታ፣ የሚሰጠው ከሚቀበለው አይበልጥም። በ120 አምፔር በኤሌክትሮድ ሲበየድ፣ አርኩ 25 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱ ሲባዙ 3,000 ዋት ይሆናል። በመኪናው ውስጥ የሚባክነው ሲጨመር 3,500 ዋት ያህል ከመሥመሩ ይሳባል። ይህም በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ነው። ነገር ግን ተራው ኢንቨርተር የመሥመሩን ኃይል አስተካክሎ ስለማይስብ እስከ 23 አምፔር ሊደርስ ይችላል፤ የሶኬቱም ፊውዝ ይቃጠላል። ይህን የሚያስተካክል ክፍል ያለበት መኪና ዋጋው ከፍ ቢልም፣ መሥመሩ ደካማ በሆነበት አገር ይካሳል። በቲግ ሲሠራ ግን አርኩ 15 ቮልት ያህል ብቻ ስለሚወስድ፣ የሚሳበው ኃይል በብዙ ያንሳል።

የመሥመር ኤሌክትሪክ በሌለበት በጄኔሬተር ይሠራል። ከላይ ለተነገረው ተራ ኢንቨርተር 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ያህል ያስፈልጋል። ሆኖም የጄኔሬተር ሞተር አየር በሳሳበት ደጋ ይደክማል፤ በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 1 እጅ ያህል ኃይሉን ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፣ በዚያ ሩቡ ኃይል ይጐድላል። ስለዚህ በደጋ አገር 5 የሚፈልግ ሰው 7 የሚሰጠውን መግዛት ይገባዋል።

ብየዳ መኪናውም ራሱ ከፍታ ይሰማዋል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ቁጥሩ 60974 በሆነው ደንብ ውስጥ፣ በመኪናው ጀርባ የሚጻፈው ቁጥር እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ላለ ቦታ የተወሰነ ነው። ከዚህ በላይ አየሩ ሳስቶ ማቀዝቀዙ ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ተጨማሪ ዕረፍት መስጠት ያስፈልጋል።

የሚዘረጋው ገመድም ቀጭን መሆን የለበትም። 50 ሜትር ርዝመትና 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በ16 አምፔር 19 ቮልት ያህል ያባክናል፤ 2.5 የሆነው ግን የሚያባክነው 11 ያህል ነው።

5ኛ፤ ሲገዛ መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮች

ለቲግ አርኩ የሚነሣበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ተንግስተኑን ብረቱን አስነክቶ በማንሣት፣ ሁለተኛው ሳይነካ በብልጭታ ነው። ሁለተኛው ለሥራው ያምራል፤ ነገር ግን ብልጭታው በፋብሪካ ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ለፋብሪካ ጥገና ሁለቱንም የሚችል መኪና መምረጥ መልካም ነው።

ጋዙም መታሰብ አለበት። በ200 ባር የተሞላ ባለ10 ሊትር ሲሊንደር 2,000 ሊትር ያህል አርጎን ይይዛል። በደቂቃ 8 ሊትር ቢወጣ 250 ደቂቃ፣ ማለት 4 ሰዓት ያህል ያሠራል። አርጎን የሚሞላበት ስፍራ ሩቅ ከሆነ፣ ቲግ የተገጠመለት መኪና ያለ ጋዝ እጅ እንደሌለው ሠራተኛ ይሆናል። በተረፈ የመለዋወጫ ዕቃው በአገር ውስጥ መገኘቱንና የሚጠግነው ሰው መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

6ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

የተሻለው መኪና እንኳ ጥንቃቄ በሌለው ሰው እጅ ሕይወት ያጠፋል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል፣ ባዶ ቢመስልም እንኳ፣ መበየድ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የቀረው ተን ይፈነዳል። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ በጕድጓድና በታንከር ውስጥ ተኝቶ ሰውን ሳይሸተው ያፍነዋል፤ ስለዚህ በውስጥ የሚሠራ ሰው ከውጭ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር መግባት አይገባውም። የአርክ ብርሃን ዐይንን ያቃጥላል፤ በያጁ ጥቁር መስተዋት ያለበትን መከለያ ያደርጋል፤ ልጆችም ቆመው እንዳይመለከቱ ይከለክላል።

መኪናውን ለማዳንም አንድ ሕግ አለ። መመለሻው ገመድ የሚቆነጠጠው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ነው። በሩቅ የተቆነጠጠ እንደ ሆነ፣ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፍና ኳሶቹን ያበላሻል። አንዱን ስብራት እየጠገነ ሌላ ስብራት የሚያበጅ በያጅ ከዚህ ስሕተት የተነሣ ነው።

እንግዲህ በያጅ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ሥራውን ይወቅ፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪኩን ምንጭ ይመርምር፤ ከዚያም በመኪናው ጀርባ ያለውን ጽሕፈት አንብቦ ያስላ፤ ዋጋውን በመጨረሻ ይጠይቅ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፣ ዋጋውን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ሌሎቹን በኋላ በኪሳራ ይማራቸዋል።

ጥያቄ

1. ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ የተሰበረ ጋሪ በየትኛው ዓይነት ይበየዳል? ስለ ምን?
2. «180 አምፔር፣ 20 ከመቶ» የተጻፈበት መኪና በ120 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይሠራል?
3. ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰጥ የቲግ መኪና ለአሉሚኒየም የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
4. በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ጄኔሬተር ከመቶ ስንት እጅ ያህል ኃይሉን ያጣል?
5. ባዶ የነዳጅ በርሜል መበየድ የተከለከለበትን ምክንያት ጻፍ።