በብርድ ወራት ዕፅዋትን ስለ ማየትና ፎቶ ስለ ማንሳት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ምግብና ስለ ልብስ አትጨነቁ ብሎ ሲያስተምር፣ ደቀ መዛሙርቱ የሜዳ አበቦችን እንዲመለከቱ አዘዛቸው (ማቴ. 6፥28)። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምንሰማው የጭንቀት መድኃኒት አድርገን ነው። መድኃኒትነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትእዛዝም አለበት። ትእዛዙ ማየት ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ ዛሬ ታይቶ ነገ ወደ እሳት ስለሚጣለው ሣር ይናገራል። እንግዲህ እንድናይ የታዘዝነው ያማረውን አበባ ብቻ አይደለም፤ የሚደርቀውን ሣርም ነው። በራቤልና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የምትኖሩ፣ ስልክ ወይም ካሜራ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህን ትእዛዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እንዴት እንደምንፈጽመው እስቲ ቀስ ብለን እንማር።

ነገሩን ከሥነ ፍጥረት እንጀምር። ሊቃውንቱ ሲያስተምሩ፣ እግዚአብሔር ከ22ቱ ሥነ ፍጥረት ሦስቱን በዕለተ ማክሰኞ ፈጠረ ይላሉ፤ በእጅ የሚለቀሙትን አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱትን አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡትን ዕፅዋት። ሰው የተፈጠረው ዓርብ ነው። ማክሰኞ ዕለት አበባውን አይቶ የሚያደንቅ፣ ፍሬውን ቆርጦ የሚበላ ሰው አልነበረም፤ ፀሐይ እንኳ የተፈጠረችው በማግስቱ ረቡዕ ነው። ሆኖም እግዚአብሔር መልካም እንደ ሆነ አየ (ዘፍ. 1፥12)። ስለዚህ የዕፅዋት መልካምነት ከእኛ ዓይን የመጣ አይደለም፤ ሲያብቡ መጥቶ ሲረግፉ የሚሄድም አይደለም። ፈጣሪ የሰጣቸው ነው።

እኛ ግን ዕፅዋትን የምናስታውሰው ሲያምሩ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በዘመነ ጽጌ፣ ማኅሌቱ ሲቆም ሜዳውም ሲያብብ፣ ፎቶ የማያነሳ የለም። ቁስቋም አልፎ ውርጩ ሲበረታ ሁሉም ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ዓይን የሚሠለጥነው ግን ያን ጊዜ ነው። ቀለሙ ሲቀንስ የቅጠሉ አቀማመጥ፣ የአገዳው አቋቋም፣ የጥላው ርዝመት ይታያል።

የት እንሂድ ለሚለኝ፣ በአዲስ አበባ ጉለሌ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው፤ የቻለ ሄዶ ይየው። ለእኛ ግን ጓሳ አለን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነው ይህ የመንዝ ደጋ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ በሕግ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። አባቶች ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይታጨድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ያ ሥርዓት ተናጋ፤ ኋላም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መለሰው። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትም ሊጠብቃትም ነው (ዘፍ. 2፥15)። የመንዝ አባቶች ማጨዱንም መጠበቁንም በአንድ ሕግ አስረው ይህን ቃል በሣር ላይ ፈጽመውታል፤ እኔ ከዚህ የተሻለ የቃሉ ማብራሪያ አላየሁም።

አሁን ወደ አንድ ተክል እንቅረብ። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖራል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አገዳ ያወጣል፣ ያብባል፣ ይሞታል። ሲያብብ ሁሉም ያነሳዋል። የደረቀውን አገዳ ግን ፎቶ አንሺው ከፍሬሙ ያስወጣዋል፤ የሞተ ነገር ምስሉን የሚያበላሽበት ይመስለዋል። ቅረቡና እዩት። ያ ግራጫ አገዳ ከላይ እስከ ታች በደረቁ የዘር ከረጢቶች የተሞላ ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ትቢያ የመሰሉ ደቃቅ ዘሮች ይረግፋሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲያስተምር የወሰደው ምሳሌ ዘር ነው (1ኛ ቆሮ. 15፥36-37)። በጥቅምት አበባ ውስጥ የማይነበብ ትምህርት በታኅሣሥ አገዳ ላይ አለ። ይህን አገዳ ሰማዩን ጀርባው አድርጋችሁ፣ ከሥሩ ተንበርክካችሁ አንሱት።

የጓሳው ሣርም እንዲሁ ነው። ላዩ ቢጫ ሆኖ የደረቀ ይመስላል፤ ጉቶውን በእጃችሁ ገለጥ ብታደርጉት ግን ከሥሩ አረንጓዴው ቡቃያ በደረቀው ሣር ተሸፍኖ ብርዱን ያሳልፋል። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት በሰበከው ስብከት፣ የአንዲት ሣር አሠራር ብቻ የሰውን አእምሮ ሁሉ ለመያዝ እንደሚበቃ አስተምሯል። ካሜራ ይህን ለመማር ይረዳል፤ ለአንዲት ሣር ቁጭ ብሎ መቆየትን ያስለምዳልና።

ስለ አነሳሱ ጥቂት ልበል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡30 ግድም ነው፤ ውርጩም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ድረሱ። ውርጭ ነጭ ስለሆነ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል፤ በስልክ ከሆነ ስክሪኑን በሣሩ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርጉት። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ከበርኖሱ ሥር ገላችሁ አጠገብ ያዙት። ምድጃ ወደሚነድበት ቤት ስትገቡም ካሜራውን ከቦርሳው ወዲያው አታውጡት፤ ሌንሱን ላብ ይይዘዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥነ ምግባር ነገር ነው፤ እኔም አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ መስበር፣ ጭላዳን ማባረር፣ ቀይ ቀበሮ ታየ ብሎ እስከ ጉድጓዱ መከተል፣ ሣር የሚያጭደውን ገበሬ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ኃጢአት ነው። ምስሉ ያማረ መሆኑ በደሉን አይሽረውም። ፍጥረትን ማድነቅ ወደ ፈጣሪ ካላደረሰንና የተፈጠረውን ካስጎዳን፣ አየን ማለት አንችልም።

ስለዚህ በዚህ ብርድ ውጡ። ያነሳችሁትን ተክል ስሙን ከአካባቢው ሽማግሌ ጠይቁ፤ ከፎቶው ሥር ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። በሚመጣው ዓመት በዚያው ቀን እዚያው ቦታ ቆማችሁ ደግማችሁ አንሱ፤ ሁለቱንም ምስል ጓሳን ለሚጠብቁት አሳዩአቸው።