ከአጎዋ መሰረዝን በሄግ መክሰስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስሰፋ ቆይቼ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሕግ እማራለሁ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ በመሰረዟ የተጎዳን ሠራተኞች በሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። አጎዋ ስምምነት አይደለም፤ የአፍሪካ አገራት ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የአገሩ ሕግ ነው። ማን ተጠቃሚ እንደሚሆን የሚወስኑት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰረዘች። የሄጉ ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያከራክረው መንግሥታትን ብቻ ነው። ለመንግሥታትም ቢሆን ቀላል አይደለም፦ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1960 ከስሰው፣ በ1966 «የመክሰስ መብት የላችሁም» ተባሉ።

እኔ ብሆን ከሄግ ይልቅ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 አጠናለሁ። ስለ መደራጀትና የኅብረት ድርድር ናቸው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃቸዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የፓርኩ ሠራተኛ ሄግ ሳይሄድ መቐለ ላይ ሊጠቅሳቸው ይችላል።