የአንድ ወር ትርፍ ጊዜ

ገበሬ «ትርፍ ጊዜ የለኝም» ይላል። እውነቱን ነው። እርሻው፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው መች ያስቀምጠዋል? ነገር ግን እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በሰንበትም ቀን፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ገበጣ የሚጫወት አለ። ክራር የሚመታ አለ። እሱም ትርፍ ጊዜ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ጊዜ ስለሚሠራ ሥራ ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የ2016 ዓ.ም. ጥር ወርን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አክስቴ ቤት ነው። የአንድ ወር ዕረፍት ነበረኝ። ሥራ ፈትቼ ከምውል አዲስ ነገር ልማር ብዬ ሦስት ነገር ጀመርኩ፤ ክራር፣ ገበጣና የዕለት ማስታወሻ።

አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባን አላያችሁ ይሆናል። ድሮ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር። አራዳ የሚባለው እሱ ነው። ጠላት ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በነበረ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ አዛወረው። ለአራዳም ፒያሳ የሚል ስም ተወለት። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ጣልያን ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ። ከተሜ ብልጥ ሰውን «አራዳ ነው» ይለዋል። እኔ አራዳ ውስጥ ከርሜ አራዳ አልሆንኩም፤ ይህን ከታች ታዩታላችሁ።

ክራሩን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ስድስት አውታር አለው። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ውኃ ቋጠሩ፤ በዘጠነኛው ቀን አንዱ አውታር ተበጠሰ። መለስኩለት። ስለ ክራር የማውቀው ይኸው ነው።

ገበጣውን ያስተማሩኝ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል፤ ፊደል አልቆጠሩም። ጠጠር ሲቆጥሩ ግን እጃቸው አይታይም። እኔ በጣቴ እየነካሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል እሳቸው የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድመው ያውቁታል። ወሩን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ አሸነፍኳቸው፤ ያን ዕለትም ዓይናቸውን ስላመማቸው ነው።

የጸናልኝ ማስታወሻው ነው። ማስታወሻ መያዝ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ቀኑን፣ አየሩን፣ ያያችሁትን አንድ ነገርና ያወጣችሁትን ገንዘብ መጻፍ ይበቃል። አንድ ገጽ ልቅዳላችሁ፦

«ጥር 6 ቀን 2016። ሰኞ። ጠዋት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ። በቧንቧው ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ተጣሉ፤ ማታ አብረው ቡና ጠጡ። ማኪያቶ 38 ብር።»

ይህን ስጽፍ ከንቱ ነገር መስሎኝ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ደመርኩት። በቀን 38 ብር በ30 ቀን 1,140 ብር ሆነ። ማኪያቶ ማለት በጥቂት ቡና የቀላ ወተት ነው! አክስቴ ሰምታ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

ማታ ማታ የሚጻፍ ነገር እንዳላጣ ቀን በእግሬ እዞር ጀመር። ለካ በየቀኑ ሳያዩ የሚያልፉት ነገር ብዙ ነው። በጊዮርጊስ ፊት ለፊት አጼ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው የቆሙበት ሐውልት አለ። የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣልያን ሐውልቱን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ተመልሶ ቆመ። ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። «ለጠላት አልገዛም፤ ሕዝቤም እንዳይገዛ» ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉ አባት ናቸው። ይህም ሐውልት ለባቡር ሐዲድ ሥራ በ2005 ተነሥቶ በ2008 ተመልሷል። በፒያሳ ድንጋይም ይሄዳል፤ ይመለሳልም።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየውን የጣይቱን ሆቴል እርሳስ ይዤ ልስለው ሞከርኩ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ያቃጠለው ቤት ነው። ሥዕሌ ሆቴል ሳይሆን የዶሮ ቆጥ መሰለ። ስለዚህ ትልልቁን ትቼ ትንሽ ትንሹን መሳል ያዝኩ፤ የግቢያችንን ቧንቧ፣ የአክስቴን ምድጃ፣ በመጨረሻም የእማማን ግድግዳ።

ስለዚህ ግድግዳ ጥቂት ልንገራችሁ። ጭቃ ነው። ከአልጋቸው ራስጌ በላይ በከሰል ስልክ ቁጥሮች ተጽፈውበታል። እማማ ቁጥር አያነቡም ብያለሁ። ታዲያ የማን እንደሆነ በምን ይለያሉ? በየቁጥሩ አጠገብ ምልክት ተስሏል። ጀበና ያለበት ደሴ ያለችው ልጃቸው ናት። አውሮፕላን ያለበት ዓረብ አገር ያለችው የልጅ ልጅ። መስቀል ያለበት የነፍስ አባታቸው። ሞፈር ያለበት መንዝ የሚያርሱት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። መደወል ሲያምራቸው ከጎረቤት ልጅ አንዱን ጠርተው «ጀበናዋን ደውልልኝ» ይላሉ።

«ምን ትጽፋለህ አንተ ልጅ?» አሉኝ።

«ግድግዳዎን ነው የምስለው እማማ።»

«ከሰው ሁሉ ግድግዳ የእኔን! አይ የተማረ ሰው!» ብለው ሳቁ። እኔም ጀበናውንም፣ ሞፈሩንም፣ ቁጥሩንም እንዳለ ገለበጥኩ። ጥር 27 ቀን ነበር፤ ሰኞ።

በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ፒያሳ ደረሰ። ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ሰፈር ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራቱ በዛ። የእኛም ግቢ ተነሣ። ስለ ልማቱ የሚያመሰግንም የሚያዝንም ሰው አለ፤ ጭቃ ቤት ውስጥ በክረምት ያልኖረ ሰው ቶሎ መፍረድ የለበትም እላለሁ። ጎረቤቱ ግን ተበታተነ። አክስቴ ወደ አንድ ጎን፣ እማማ ወደ ሌላ ጎን፣ ከከተማው ዳር ቤት ደረሳቸው። ዕቃ ሲጫን የእማማ ስልክ ጠፋ። ግድግዳውም ፈርሷል።

እማማ ለሁለት ወር ያህል ከማንም ጋር አልተገናኙም። አክስቴ አድራሻቸውን በሰው በሰው አግኝታ ስትነግረኝ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። አዲሱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። ቁጥሩን አላዩም። በጣታቸው ጀበናዋን ነኩ፤ «ይቺን» አሉኝ። ደወልኩ። ልጅቱ አንሥታ ድምፃቸውን ስትሰማ የሆነውን መጻፍ አልችልም። አውሮፕላኑም አነሣ። መስቀሉም አነሣ።

ሞፈሩ ግን አልሄደም። ብቆጥረው ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ነው። የእጅ ስልክ ቁጥር አሥር አኃዝ ነው። ስገለብጥ አንዷን ዘልያታለሁ።

ወንድምየው በየዓመቱ ለጥር ጊዮርጊስ ከመንዝ እየመጡ እኅታቸውን ይጠይቁ ነበር። የሚያውቁት ያንን ግቢ ነው። አሁን ቢመጡ ግቢው የለም። በመንደራቸው በኩል በሚያልፍ ሰው ልከንባቸዋል፤ መልስ አልመጣም።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቁጥሩ በ09 መጀመሩ ታውቋል። የቀሩት ሰባት አኃዞች ናቸው፤ የጎደለችው አኃዝ ከየትኛው ቦታ እንደሆነች አይታወቅም። በእያንዳንዱ ቦታ ከ0 እስከ 9 እያስገባሁ፣ የሚደጋገመውን እየሰረዝኩ ስጽፍ 73 ቁጥር ወጣ። ሁሉንም በደብተሩ መጨረሻ ላይ በተራ ጻፍኳቸው። እሑድ እሑድ እየሄድኩ ከእማማ ጋር እንደውላለን። እኔ አነባለሁ፤ ስልኩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ሰው ይቆጣል፤ አንዳንዱ ስልኩን ይዘጋል። ባለፈው እሑድ አንድ የጎንደር ሰው «እኔ ወንድምዎ አይደለሁም እማማ፤ ግን እንደምን ዋሉ?» ብለው ብዙ አጫወቷቸው።

እስካሁን 41 ደውለናል። 32 ይቀራል።