የበርነር ዐይን ሲደክም፤ ይጠረግ ወይስ ይለወጥ?

የዳቦ ቤት ሥራ የሚቆመው ዱቄት ሲጠፋ ብቻ አይደለም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳለ የናፍጣው ወይም የጋዙ በርነር ለጥቂት ሰኮንድ ነድዶ ድርግም ሊል ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰው ነበልባሉን የሚጠብቀው ትንሽ ሴንሰር ነው። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሆነችው ሰቆጣ ዳቦ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት፣ መለዋወጫም ባለሙያም ከሩቅ ስለሚመጣለት ክሱን አስቀድሞ ቢያጣራ ያተርፋል።

ሥራው ምንድን ነው?

የሴንሰሩ ተግባር እሳት መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ እሳት ከሌለ ነዳጁ ይዘጋል። በዋናነት ሦስት ዓይነቶች አሉ።

ፎቶሴል የናፍጣ በርነር ዐይን ነው። ብርሃን ሲያይ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሲጨልምበት ያግዳል።

ቴርሞካፕል በጋዝ ምድጃ ላይ ይገኛል። የሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች መጋጠሚያ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይህንን ቶማስ ዚቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. ደርሶበታል። ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት የሚደርሰው ይህ ኃይል የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ይይዛል።

ሦስተኛው በዘመናዊ የጋዝ በርነሮችና በውጭ አገር የቤት ማሞቂያዎች ያለው የብረት ዘንግ ነው። ነበልባል ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ በዘንጉ በኩል በማይክሮአምፔር የሚለካ ጅረት ያልፋል። ጅረቱ በጣም ሲያንስ መቆጣጠሪያው ጋዙን ይዘጋል።

የደጋው ጣጣ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ በርነር እዚህ ሲነድ ለነዳጁ የሚበቃ አየር ስለማያገኝ ጥላሸት ያበዛል። ጥላሸቱ ዐይኑን ይጋርደዋል፤ ዘንጉንም ይለብሰዋል። ስለዚህ አየርና ነዳጁ ሳይመጣጠን ሴንሰር ብቻ መለወጥ ያንኑ ወጪ መድገም ነው።

መቼ ይጠረጋል? መቼ ይለወጣል?

ኤሌክትሪኩና ነዳጁ ተዘግቶ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ፎቶሴሉ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ዘንጉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይጠረጋል። የቴርሞካፕሉ ማሰሪያም አለመላላቱ ይታያል። አብዛኛው ብልሽት በዚህ ይፈታል።

መለወጥ የሚገባው መስታወቱ ወይም ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሽቦው ሲቃጠል፣ ጫፉ ሲበላ፣ ወይም ተጠርጎም በመለኪያ ሲታይ ምልክቱ ደካማ ሲሆን ነው። በሚገባ የሞቀ ቴርሞካፕል 10 ሚሊቮልት እንኳ ካልሰጠ ዕድሜው አልቋል።

ሥራ እንዳይቆም ብሎ ሴንሰሩን በሽቦ አቋርጦ ማለፍ ወይም የማስነሻ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ከኪሳራም የከፋ ነው። ያልነደደ ነዳጅ በምድጃው ውስጥ ተጠራቅሞ በአንዴ ሊፈነዳ ይችላል።

ለገዢና ለደላላ

ያገለገለ የናፍጣ ምድጃ የሚገዛ ሰው በርነሩ እየነደደ ፎቶሴሉን ባለሙያ አውጥቶ እንዲጋርደው ይጠይቅ። እሳቱ በሰኮንዶች ውስጥ ካልጠፋ መጠበቂያው ተነካክቷል፤ ዋጋው ሊቀነስ ወይም ግዢው ሊቀር ይገባል። መለዋወጫ ሲገዛም አሮጌውን ይዞ ሞዴሉን፣ ርዝመቱንና ማሰሪያውን ማስተያየት ያስፈልጋል። ከገበያ ርቆ ለሚሠራ ደግሞ አንድ መጠባበቂያ በመደርደሪያ ላይ ማኖር የሥራ ማስኬጃ ወጪ ተደርጎ ሊታሰብ ይገባዋል።