ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ሰውነት ራሱ መሣሪያ ነው

ይህ ምዕራፍ ስለ ሰውነት ማጎልመሻ የተጻፈ ምንባብ፣ ከምንባቡ የወጡ ቃላት፣ ስለ ትእዛዝ አንቀጽ የሚያስረዳ የሰዋስው ትምህርትና አንድን ሥራ በቅደም ተከተል የማብራራት የድርሰት መልመጃ ይዟል። ምንባቡን በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ፤ በሁለተኛው ንባብ ግን የተነገራችሁን እንቅስቃሴ ሁሉ በሐሳባችሁ እየሣላችሁ ተከተሉ።

ሀ. ምንባብ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ ይካሄድ በነበረው የኦሊምፒክ ውድድር አበበ ቢቂላ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ለመፈጸም ብቻውን ወደ ስታዲዮሙ ገባ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠ ሰው መሬት ላይ ቢዘረር ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን የመጨረሻውን መሥመር እንዳለፈ ወደ ሣሩ ሄደና እጆቹን ወደ እግሮቹ ጣቶች እየዘረጋ፣ በጀርባው ተኝቶም እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሁለተኛው ሯጭ መሥመሩን ያለፈው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የድሉን ታላቅነት ለመናገር ነው። እናንተ ግን ለዛሬ ድሉን ተዉትና ሣሩን አስቡ። በዚያ ሣር ላይ የብረት ክብደት አልነበረም፤ ገመድም ሆነ ሌላ መሣሪያ አልነበረም። የነበረው አንድ ሰው፣ የሰውየው አካልና መሬት ብቻ ነው። ሰውነትን ለማጠንከርና ለማፍታታት ከእነዚህ የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልግ ሌላ ነገር ቢኖር ትዕግሥት ነው።

ለመሆኑ ክብደት ሳይኖር ጡንቻ በምን ይጠነክራል? ክብደቱማ አለ፤ እርሱም የገዛ አካላችሁ ነው። በሆዳችሁ ወደ መሬት አዘንብላችሁ በእጃችሁ ስትነሡ ከክብደታችሁ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ትሸከማላችሁ። ስለዚህ 48 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በተነሣ ቁጥር 32 ኪሎ ያህል ይገፋል ማለት ነው፤ ይህም ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከማንሣት ይበልጣል። ሸክሙ ቢበዛባችሁ አታፍሩ፤ መቀነስ ትችላላችሁ። በመጀመሪያ ቆማችሁ ግድግዳ ግፉ። ግድግዳው ሲቀላችሁ በማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ቀጥሎም ጉልበታችሁን መሬት አስነክታችሁ፣ በመጨረሻም በመዳፋችሁና በእግራችሁ ጣቶች ብቻ ተደግፋችሁ ሥሩ። አካላችሁ ቀጥ ብሎ በቆመ መጠን ሸክሙ ይቀላል፤ ወደ መሬት ባዘነበለ መጠን ይከብዳል።

ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራው ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት ነው። ከለመደው ጥቂት የበለጠ ሥራ የገጠመው ጡንቻ ይደክማል፤ ምግብና እንቅልፍ ሲያገኝም የደከመውን ጠግኖ ከቀድሞው የበለጠ ጽኑ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታገኙት ብርታት ደግሞ በአብዛኛው ከጡንቻ መፈርጠም የሚመጣ አይደለም፤ አንጎልና ነርቭ ጡንቻዎችን አስተባብረው ማዘዝን ስለሚማሩ ነው። እንግዲህ በመስተዋት ስትመለከቱ ለውጥ ባታዩም ተስፋ አትቁረጡ። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ችኩል ሰው ጉልበት አገኘሁ ሲል የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቀን ልምምድ ጀመሩ እንበል። አንደኛው ጓደኞቹ እየቆጠሩለት በመጀመሪያው ቀን አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ሠራ። በማግሥቱ ክንዱን ማቃናት ተሳነው፤ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ባሰበት፤ ከዚያ ወዲያ ልምምድ የሚባል ነገር ስሙ ሲነሣ እንኳ መስማት አልወደደም። ሁለተኛዋ ከመሬት አንድ ጊዜም መነሣት አልቻለችም ነበርና ከግድግዳ ጀመረች። ስምንት ጊዜ ገፍታ አረፈች። በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት እየጨመረች ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መሬት ወረደች። ወራት አልፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ስትነሣ የቆጠረላትም ያጨበጨበላትም አልነበረም፤ እርሷ ግን ያደረገችውን ታውቃለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ተረት ለእርሷ ምሳሌ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በክንዷ የፈተነችው እውነት ሆነ።

አሁን ወደ ተግባሩ እንለፍ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ። አምስት ደቂቃ ያህል ሶምሶማ ሩጡ፤ ትከሻችሁንና ክንዳችሁንም አዙሩ።

ከዚያ በኋላ እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ከፍታችሁ ቁሙ። በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ልካችሁ ዝቅ በሉ። ተረከዛችሁ ከመሬት አይነሣ፤ ጉልበቶቻችሁም እርስ በርሳቸው አይቀራረቡ። እስከቻላችሁት ድረስ ዝቅ ካላችሁ በኋላ መሬቱን በእግራችሁ ገፍታችሁ ተነሡ።

ቀጥሎ በተለምዶ ፑሽ አፕ የሚባለውን ለአቅማችሁ በሚስማማው ደረጃ ሥሩ። መዳፎቻችሁን ከትከሻችሁ ጥቂት ሰፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከራሳችሁ እስከ ተረከዛችሁ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ሁኑ፤ ወገባችሁ ወደ ላይ አይጉበጥ፤ ወደ ታችም አይርገብ። ክርናችሁን አጥፋችሁ ዝቅ ስትሉ አየር ሳቡ፤ ገፍታችሁ ስትነሡ ተንፍሱ። ትንፋሻችሁን አትያዙ።

በሦስተኛ ደረጃ ከክርን እስከ መዳፍ ባለው ክንዳችሁና በእግራችሁ ጣቶች ተደግፋችሁ እንደ ሳንቃ ቀጥ በሉና 10 ሴኮንድ ቆዩ። በየሳምንቱ 5 ሴኮንድ ጨምሩ። ይህ የሆድንና የወገብን ጡንቻ ያጸናል፤ ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ጎብጦ ለሚውል ተማሪም ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንቅስቃሴዎች ከ6 እስከ 10 ጊዜ እየሠራችሁ፣ በየመካከሉም አንድ ደቂቃ እያረፋችሁ ዙሩን ሁለት ጊዜ ድገሙ። ሁልጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለመድገም የሚበቃ አቅም ሲቀራችሁ አቁሙ። በሳምንት ሦስት ቀን መሥራት ይበቃል፤ በመካከላቸውም የዕረፍት ቀን ይኑር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሁሉ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲያደርጉ ይመክራል። ውሃ የምትቀዳ ወይም ከእርሻ የምትውል ልጅ ከዚህ አብዛኛውን በሥራዋ ታገኘዋለች፤ ለእርሷ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ሸክም ያደከመውን ወገብ ማፍታታት ነው።

መተጣጠፍ የሌለው ጥንካሬ ደረቅ እንጨትን ይመስላል፤ ይሸከማል፤ ቢጎብጥ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ሰውነታችሁ ሳይቀዘቅዝ ጡንቻዎቻችሁን ሳቡ። እግሮቻችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡና ጀርባችሁን ሳታጎብጡ ወደ ጣቶቻችሁ አዘንብሉ። ለባታችሁ ደግሞ ግድግዳ ተደግፋችሁ አንድ እግራችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፤ ተረከዙም ከመሬት አይላቀቅ። በእያንዳንዱ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ቆዩ። እየነጠራችሁ አትሳቡ። የመወጠር ስሜት ተገቢ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ግን «አቁም!» የሚል የሰውነት ትእዛዝ ነው።

የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የቆየ ጉዳት ያለበት ተማሪ ከመጀመሩ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክር። ምግብን በተመለከተም ውድ ነገር መፈለግ አያሻም፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት፣ ጡንቻ ራሱን የሚጠግንበትን ፕሮቲን ይሰጣሉ።

የአበበ ቢቂላ ታሪክ በቶኪዮ ሣር ላይ አላበቃም። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ድል ያስገኙለት እነዚያ እግሮች ዳግመኛ መራመድ አልቻሉም። እርሱ ግን ወደ ቀሩለት ክንዶቹ ተመለሰ፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ከዚህ የምንማረው ሰውነትን ማጠንከር ለታይታ የሚደረግ ጌጥ አለመሆኑን ነው። ባለን አካል፣ ካለንበት ደረጃ መነሣት ነው። እናንተም የሌላውን ቁጥር አትመልከቱ፤ ከግድግዳም ቢሆን ጀምሩ።

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉትን ቃላት ፍች ካጠናችሁ በኋላ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

1. ማፍታታት፦ የተኮማተረን ወይም የደከመን አካል በእንቅስቃሴ ማላላት
2. መፈርጠም፦ መወፈርና መደንደን
3. ጅማት፦ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ የአካል ክፍል
4. ሶምሶማ፦ ፍጥነት የሌለው፣ ዝግ ያለ ሩጫ
5. ሳንቃ፦ ተሰንጥቆ የተስተካከለ ጠፍጣፋ እንጨት

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው «ድሉን ተዉትና ሣሩን አስቡ» ያለው ምን ለማስገንዘብ ነው?
2. ግድግዳ መግፋት ከመሬት ከመነሣት የሚቀለው ለምንድን ነው?
3. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ብርታት ከየት ይመጣል? ይህን ማወቅ ለጀማሪ ምን ይጠቅመዋል?
4. የሁለቱን ተማሪዎች አጀማመርና ፍጻሜ አነጻጽሩ።
5. የምንባቡ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር እንዴት ይያያዛል? መልሳችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

መ. ሰዋስው፦ ትእዛዝ አንቀጽ

በምንባቡ ውስጥ «ቁሙ»፣ «ግፉ»፣ «ተንፍሱ» የሚሉትን ግሶች አግኝታችኋል። አንድ ነገር እንዲደረግ የሚያዝ ወይም የሚመክር ግስ ትእዛዝ አንቀጽ ይባላል። ለሁለተኛ መደብ ሲነገር እንደሚከተለው ይረባል።

ለአንድ ወንድ፦ ቁም፣ ግፋ፣ ያዝ፣ ተንፍስ፣ ውረድ፣ ዝለል
ለአንዲት ሴት፦ ቁሚ፣ ግፊ፣ ያዢ፣ ተንፍሺ፣ ውረጂ፣ ዝለዪ
ለብዙዎች፦ ቁሙ፣ ግፉ፣ ያዙ፣ ተንፍሱ፣ ውረዱ፣ ዝለሉ

ለሴት ሲነገር የግሱ የመጨረሻ ፊደል ሣልስ እንደሚሆን አስተውሉ። ከዚህም ሌላ «ዝ» ወደ «ዢ»፣ «ስ» ወደ «ሺ»፣ «ድ» ወደ «ጂ»፣ «ል» ወደ «ዪ» ይለወጣል። አፍራሽ ትእዛዝ ሲሆን ደግሞ ከፊቱ «አት» ይጨመርበታል፤ ለምሳሌ፦ አትቁም፣ አትግፊ፣ አትያዙ። ትእዛዙ ለሦስተኛ መደብ ሲሆን «ተረከዛችሁ አይነሣ»፣ «ባለሙያ ያማክር» እንደሚሉት ይነገራል። በአክብሮት «እርስዎ» ለምንለው ሰውም «ይቁሙ»፣ «ይያዙ» እንላለን።

መልመጃ
1. «ከዚያ በኋላ እግሮቻችሁን» ብሎ የሚጀምረውን አንቀጽ ለአንዲት ልጅ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።
2. ያንኑ አንቀጽ ለአንድ አረጋዊ በአክብሮት እንደምትናገሩ አድርጋችሁ ጻፉት።
3. ከምንባቡ ሦስት አፍራሽ ትእዛዞችን አውጥታችሁ ወደ አዎንታዊ ለውጡ። ትርጉማቸው እንዴት እንደተለወጠ አስረዱ።

ሠ. ድርሰት፦ አሠራርን ማስረዳት

አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት አንባቢው ሥራውን ራሱ መፈጸም እንዲችል ሆኖ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ድርሰት ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን ጠብቁ። አንደኛ፣ እንቅስቃሴዎቹን በሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ «በመጀመሪያ»፣ «ከዚያ በኋላ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉት ቃላት ይረዷችኋል። ሁለተኛ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ ተግባር አታጭቁ። ሦስተኛ፣ አስፈላጊ በሆነበት ስፍራ ምክንያቱን ግለጹ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ትእዛዙን አይረሳምና።

ከሚከተሉት በአንዱ ርእስ 20 መሥመር ያህል ጻፉ።
ሀ) ወገብን የሚያፍታታ አንድ እንቅስቃሴ
ለ) የእንጀራ አጋገር
ሐ) በሰፈራችሁ የሚታወቅ የአንድ ጨዋታ አጨዋወት

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰታችሁን ለጓደኛችሁ ስጡ። ጓደኛችሁ ያላችሁትን ብቻ፣ አንዳች ሳይጨምር በእጅና በእግሩ አድርጎ ያሳይ። በተሳሳተበት ወይም ግራ በተጋባበት ስፍራ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ያንን ዐረፍተ ነገር መልሳችሁ አቃኑ።